ውኃው ሲሸሽ ወፉን ተከተሉ፦ ኅዳርና ታኅሣሥ በጣና ዳር

ባሕር ዳር እየኖራችሁ ወፍ ለማየት ብዙ ብር አያስፈልግም። መኪናም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በጠዋት መነሳት ነው፤ እሱ ደግሞ ለአንዳንዶቻችን ከብሩ ይከብዳል።

ጊዜው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ክረምቱን ሲሞላ የከረመው ጣና መስከረም አካባቢ ጫፉ ላይ ይደርስና ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ መሸሽ ይጀምራል። የሐይቁ ዳር ብዙ ቦታ ላይ ለጥ ያለ ስለሆነ ውኃው ትንሽ ዝቅ ሲል ሰፊ ጭቃ ይገለጣል፤ ጭቃው ደግሞ በትል፣ በቀንድ አውጣና በነፍሳት የተሞላ ነው። በዚሁ ሰሞን አውሮፓና ሩሲያ ውርጭ ይገባል፣ ሐይቁም ረግረጉም ይጋገራል፣ እዚያ ሲፈለፍሉ የከረሙት ወፎች የሚበሉት ያጡና ወደ እኛ ይወርዳሉ። እንግዳው የሚደርሰው ማዕዱ ሲቀርብ ነው ማለት ነው። አገሬው ወፍም ከእነሱ ጋር ተቀላቅሎ አብሮ ይበላል።

ስለዚህ ወፍ ፍለጋ ስትወጡ መጀመሪያ የምትፈልጉት የውኃውን ጠርዝ ነው። ጥቅምት ላይ ጠርዙ ከሣሩ ሥር ነበር። ኅዳር አጋማሽ ላይ ራቅ ብሎ ታገኙታላችሁ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ያው ቦታ ደርቆ ከብት ይግጥበታል፣ ወፉ ደግሞ ውኃውን ተከትሎ ወደ ውስጥ ገብቷል። አንድ ቦታ ምረጡና በየሳምንቱ ተመላለሱበት። እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ መጥፋት እዚህ ላይ አያዋጣም፤ ለውጡ የሚገባችሁ ያንኑ ዳር ደጋግማችሁ ስታዩት ነው።

ስለ ዕቃ

ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ካላችሁ ጥሩ። ልትገዙ ከሆነ 8 በ42 የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ። 8 የሚያቀርብበት መጠን ነው፣ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው። 10 ወይም 12 ሲሆን የበለጠ ያቀርባል ብሎ መጓጓት አለ፤ ግን ባቀረበ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጡንም ያጎላዋል፣ ጀልባ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሱቁ በር ላይ ቆማችሁ ሩቅ ያለ የመብራት ምሰሶ እዩበት። ምሰሶው ሁለት ሆኖ ከታያችሁ መልሱለት። ቢቀንስላችሁም አትውሰዱት፣ ራስ ምታት ነው የምትገዙት።

አስተካክሎ ማየትን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በግራው ብቻ አንድ ነገር ላይ አነጣጥሩና የመሐሉን ጎማ እያዞራችሁ አጥሩት። ከዚያ ግራውን ጨፍናችሁ ያንኑ ነገር በቀኝ እያያችሁ በቀኙ ዓይን መግጠሚያ ላይ ያለውን ቀለበት አዙሩ። ይኼ አንዴ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ የምትነኩት የመሐሉን ጎማ ብቻ ነው። ወፍ ስታዩ ደግሞ ዓይናችሁን ከወፉ ሳትነቅሉ መነጽሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ጎንበስ ብላችሁ መነጽሩን ስትፈልጉ ወፉ ሄዷል።

ባይኖኩላር የለንም ብላችሁ ቤት አትቅሩ። ጣና ዳር ብዙው ወፍ ሰው ለምዷል።

የተረፈው ቀላል ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቀን ሙቀት ቢሆንም የታኅሣሥ ጠዋት ይበርዳል፣ ውኃ ዳር ደግሞ ይብሳል፣ ስለዚህ ጋቢ ወይም ጃኬት ያዙ። ደማቅ ቀለም አትልበሱ። (የቤተ ክርስቲያን ግቢ ወፎች ነጭ ነጠላ ለምደው አይደነግጡም፤ የረግረጉ ወፍ ግን ከሩቅ አይቶ ይነሳል።) ለረግረጉ ቦቲ ጫማ። ውኃ፣ ቆሎ፣ ትንሽ ደብተርና እርሳስ። ስክሪብቶ ሲረጥብ ይዘበራረቃል።

ከተማው ዳር

ፀሐይ በዚህ ወቅት የምትወጣው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ወፍ ጭጭ ሳይል ከቤት ውጡና ሲነጋ ዳሩ ላይ ሁኑ። እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ወርቅ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ይመጣል፣ ሰው ይበዛል፣ ከሰዓት ደግሞ ነፋሱ ሐይቁን ያንቀሳቅሰዋል፤ ያኔ ከወጣችሁ ወፍ የለም።

ባሕር ዳር የተቀመጠችው በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ስለሆነ ወደ ውኃው ስትመለከቱ ፊታችሁ ወደ ሰሜን ነው። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ሁልጊዜ ከኋላችሁ ትሆናለች፤ ጠዋት በቀኝ ትከሻችሁ፣ ማታ በግራ። ብርሃኑ ወፉ ላይ ነው የሚያርፈው። ሌላ ከተማ ላይ ሰው ለዚህ ብሎ ዳር ለዳር ይዞራል፣ እኛ ቁጭ ብለን ነው የምናገኘው።

ከየት ልጀምር ካላችሁ፣ ዓሣ ከሚወርድበት ቦታ ጀምሩ። ሌሊት መረብ የጣሉት ጠዋት ይመለሳሉ፣ ቆሮሶውና አምባዛው ይወርዳል፣ ቢላዋ የያዙት ልጆች መበለት ይጀምራሉ። የሆድ ዕቃው ሲጣል ቦታው የጨረባ ተዝካር ይሆናል። ፔሊካኖቹ ከውኃው በኩል ተሰልፈው አፋቸውን ይከፍታሉ። አባ ኮዳ መላጣውን ቀና አድርጎ እንደ ባለቤት መሐል ይቆማል። ጭላት ከላይ ወርዶ ሳያርፍ በእግሩ ላፍ አድርጎ ይሄዳል፤ አየር ላይ እያለ እግሩን ወደ መንቁሩ አምጥቶ ሲበላ ማየት ትችላላችሁ። ጠርዝ ጠርዙን ደግሞ ከጭንቅላቷ ኋላ ላባዋ ወጣ ያለ ቡኒ ወፍ ትዞራለች፤ ከጎን ስትታይ ራሷ መዶሻ ስለሚመስል ሐመርኮፕ ይሏታል። ጎጆዋን በአካባቢው ዛፍ ላይ ፈልጉ። ከጭራሮ የተሠራ ግዙፍ ክምር ነው፣ መግቢያው ከሥር በኩል ነው፣ አንዴ ካያችሁት አትስቱትም። እዚህ ቦታ ሄዳችሁ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትቁሙ፤ ሠራተኞቹን «እንዴት አደራችሁ» በሉ፣ ቦታ አትዝጉ፣ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። የገና ጾም ከገባ ኅዳር 15 በኋላ ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር እዚያም ይነሳል። ወፎቹ ከክርክሩ የሉበትም።

ከዚያ ራቅ በሉና ደንገል ወይም ፊላ ያለበት ጸጥ ያለ ዳር ላይ ተቀመጡ። መቀመጥ ስል መቀመጥ ነው። እየተራመደ የሚያይ ሰው የሚያየው የወፉን ጀርባ ነው። ለሃያ ደቂቃ ያህል ሳትንቀሳቀሱ ከቆያችሁ የተደበቀው መውጣት ይጀምራል።

መጀመሪያ የምታዩት ምናልባት ጥቁርና ነጭ የሆነውን ዓሣ አጥማጅ ወፍ ነው። ከውኃው በላይ አንድ ቦታ ላይ ክንፉን እያራገበ ቀጥ ይላል። መንቁሩ ወደ ታች፣ ጭንቅላቱ አይነቃነቅም፣ ክንፉ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ክንፉን ሰብስቦ ይወረወራል። ከያዘ ዓሣዋን ይዞ ቅርንጫፍ ላይ ይመለስና ግራና ቀኝ ከእንጨቱ ጋር ያጋጫታል፣ ስትዝል አዙሮ በጭንቅላቷ በኩል ይውጣታል፤ በጭራዋ በኩል ቢጀምር ክንፏና ቅርፊቷ ጉሮሮው ላይ ይቆም ነበር። ደረቱን እዩት። ሁለት ጥቁር መቀነት ካለው ወንድ ነው፣ አንድ ብቻ ከሆነና መሐሉ ከተቋረጠ ሴት ናት። ይቺን ለይታችሁ ለጓደኛችሁ ስትነግሩ ባለሙያ ትመስላላችሁ። ከእሱ ያነሰች፣ ጀርባዋ ሰማያዊ መንቁሯ ቀይ የሆነች ሌላ ዓሣ አጥማጅም አለች፤ እሷ ከፊላው ላይ ተቀምጣ ነው የምትጠብቀው።

ዓሣ አዳኙን ንስር ፊቱን ከማየታችሁ በፊት ድምፁን ትሰማላችሁ። ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ይጮኻል። ጭንቅላቱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ የደረት ነት ዓይነት ቡኒ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖር ነው። በዚህ ወቅት ግን ሌላ ዓሣ አዳኝ ትልቅ አሞራ ታዩ ይሆናል፦ ሆዱ ነጭ፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር የተሰመረበት፣ የያዘውን ዓሣ ጭንቅላቱን ወደ ፊት አስተካክሎ ይዞ የሚበር። ኦስፕሬይ ነው፣ እንግዳ ነው። ከከብት እግር ሥር ጭራዋን ከፍ ዝቅ እያደረገች የምትሮጥ ቢጫ ደረት ትንሽ ወፍም ከባሕር ማዶ የመጣች ናት።

መለየት እንዴት ይለመዳል

ስም አትፈልጉ መጀመሪያ። አራት ነገር ጻፉ። መጠኑ ከምታውቁት ወፍ ጋር ሲነጻጸር (ከድንቢጥ፣ ከእርግብ፣ ከዶሮ፣ ከአባ ኮዳ)። መንቁሩ። እግሩ። ምን ሲያደርግ እንደነበረ። ቀለም አምስተኛ ነው፤ ብርሃን ስለሚያታልል ቀለም ላይ ብቻ የቆመ ሰው ይሳሳታል።

ለምሳሌ ኢግሬት የሚባሉትን እግረ ረጃጅም ነጫጭ ወፎች ተመልከቱ። ሁሉም ነጭ ናቸው፣ ቀለም አይረዳችሁም። ከከብት ኋላ የማይጠፋው አጠር ያለውና መንቁሩ ቢጫ የሆነው ነው። ውኃ ውስጥ እየሮጠ የሚያድነው መንቁሩ ጥቁር ነው፣ እግሩም ጥቁር ነው፣ ጣቶቹ ግን ቢጫ ናቸው፤ ከጭቃው ሲያነሳው ጠብቁና እዩ። ሲበሩ ደግሞ ኢግሬትና ሄሮን አንገታቸውን አጥፈው ነው የሚበሩት፣ ክሬን (አንገቱም እግሩም ረጅም የሆነ ትልቅ ወፍ)፣ ሽመላና አይቢስ ግን ዘርግተው። ይህችን አንዲት ነገር ማወቅ ፎገራ ላይ ግማሽ ሥራችሁን ትጨርስላችኋለች።

ስልካችሁ ላይ ሜርሊን የሚባለውን ወፍ የሚለይ ነፃ አፕ ጫኑ፤ የአሜሪካው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ላቦራቶሪ የሠራው ነው። የአካባቢውን የወፎች ጥቅል ዋይፋይ ባለበት አስቀድማችሁ አውርዱት፣ ዳር ላይ ኔትወርክ አትመኑ። የሚሰጣችሁን ስም ግን እንደ ጥቆማ ውሰዱት። ያወረዳችሁትን የወፍ ድምፅ ደግሞ ወፉን ለመጥራት አታጫውቱ። ወፉ ሌላ ተቀናቃኝ ግዛቴ ውስጥ ገባ ብሎ መብላቱን ትቶ ለጠብ ይወጣል።

ከከተማ ወጣ ስትሉ

ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ጥሩ ነው፤ ፔሊካንም ጉማሬም አለ። ከቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወንዙን ቁልቁል ማየት ይቻላል። ሁለት ነገር ብቻ። ጉማሬ ማታ ለግጦሽ ይወጣል፣ ስለዚህ ሊመሻሽ ሲል ውኃ ዳር አትገኙ፣ በእሱና በውኃው መሐል ደግሞ በፍጹም አትቁሙ። ሁለተኛ፣ ባይኖኩላርና ካሜራ ወደ ድልድይ፣ ወደ ጥበቃና ወደ ካምፕ አታዙሩ። «ወፍ እያየሁ ነው» የሚለው መልስ ሁልጊዜ አያሳምንም።

ከከተማው በስተምዕራብ ወደ ዘጌ አቅጣጫ ያለው የይጋንዳ ረግረግ ለቅጠል ላይ ተራማጇ ለጃካና ነው። ጣቶቿ ከሰውነቷ ጋር አይመጣጠኑም፣ በጣም ረጃጅም ናቸው፤ ክብደቷን ስለሚበትኑላት ውኃ ላይ በተንሳፈፈ ቅጠል ላይ ሳትሰምጥ ትሄዳለች። እንቁላል የሚታቀፈውና ጫጩት የሚያሳድገው አባትየው ነው፣ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹን ክንፉ ሥር ሰብስቦ እግራቸው ተንጠልጥሎ ይሮጣል። ረግረጉ ውስጥ በባዶ እግር አትግቡ። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ፣ ወቅቱም የወባ ነው።

እምቦጭ ደግሞ እንደምታውቁት ከ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ሐይቁ ላይ ታይቷል። አንዳንድ ወፍ ላዩ ላይ ይራመድበታል፣ ይህን አይታችሁ ጥቅም አለው እንዳትሉ። ክፍት ውኃ የሚፈልገው ዳክዬና ጠልቆ የሚያድነው ወፍ ሲሸፈንበት ይሄዳል።

ፎገራ የዚህ ወቅት ዋናው ጉዞ ነው፤ የሚኬደው ለክሬን ነው። እዚያ ያለችው ወረታ ከባሕር ዳር በጎንደር መንገድ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ያሉ ሹፌሮችን ጠይቁ፣ አይመችም ካሏችሁ ይቅር፤ ክሬኑ ወዲያው አይሄድም፣ እስከ በጋው አጋማሽ ድረስ ይቆያል። ከተቻለ ወረታ እደሩ፣ ምክንያቱም ዋናው ትዕይንት ሲነጋና ሲመሽ ነው። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች ላይ ያደሩ ክሬኖች ፀሐይ ስትወጣ ተነስተው ሩዝ ወደታጨደበት ማሳ ይሄዳሉ፣ የረገፈውን እህል ለቅመው ማታ ይመለሳሉ። ግራጫ ናቸው፣ አንገታቸው ጥቁር ሆኖ በጎኑ ነጭ መስመር አለው። ፊንላንድና ኢስቶኒያ ውስጥ መከታተያ መሣሪያ የታሰረላቸው ክሬኖች ኢትዮጵያ ድረስ መጥተዋል። ከእነሱ ጋር የአገራችን ባለ ዘውድ ጥቁር ክሬን አለ፤ ራሱ ላይ ወርቅማ ላባ የቆመለት፣ ሲበር ክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ የሚታይበት። እሱ መሰደድ አያውቅም፣ እዚሁ ረግረግ ውስጥ ነው የሚፈለፍለው፣ ስለዚህ ረግረጉ ከታረሰ የሚሄድበት የለም።

ማሳ ላይ ስትደርሱ ባለቤቱን ሳትጠይቁ አትግቡ። «አያ፣ እንደምን አደሩ? ወፍ ልናይ ነው፣ በማሳዎ ጠርዝ እንለፍ?» ማለት ይበቃል። ብዙ ጊዜ ከፈቃድ አልፎ የት እንዳደሩ ይነግሯችኋል፣ ከማንም አስጎብኚ በላይ ያውቃሉ። ወፉ ሽምብራቸውን የሚነቅልባቸው ከሆነም ምሬታቸውን ስሙ፣ ስለ ወፍ ጥቅም ንግግር ማድረግ አያስፈልግም። ወንጭፍ ይዞ የሚጠብቅ ልጅ ካለ ባይኖኩላሩን አውሱትና ያንን ወፍ በቅርብ ይየው። መሬቱ መረሬ ነው፣ እርጥብ ከሆነ ጫማችሁን ይውጠዋል፣ ጠርዝ ጠርዙን ሂዱ። መንጋው አንገቱን ቀና ካደረገ ቁሙ፤ ያ ማስጠንቀቂያ ነው። አንድ እርምጃ ከጨመራችሁ ሁሉም ይነሳል፣ መልሶ ለመሰብሰብ ደግሞ ጊዜ ይፈጅበታል።

ዘጌ ሌላ ነው። እዚያ ከውኃው ጠርዝ ጋር ጉዳይ የለም፣ ጫካ ነው፤ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ስለሆነ ጫካው ተርፏል። ዛፉን ተከተሉ። ፍሬ ያፈራ ሾላ ወይም ዋርካ ካገኛችሁ ሥሩ ተቀመጡ፣ የጫካው ወፍ ወደ እናንተ ይመጣል። ነጭ ጉንጭ ያለው አረንጓዴ ቱራኮ ሲበር ክንፉ ደማቅ ቀይ ይሆናል። ትልቅ መንቁር ያለው ሆርንቢል ክንፉ ሲመታ ከሩቅ ይሰማል። በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚገኘው ቢጫ ግንባር በቀቀንም እዚህ አለ፣ ግን ከቅጠሉ ጋር ስለሚመሳሰል ጩኸቱን ተከትላችሁ ካልፈለጋችሁት አታገኙትም።

በጀልባ ከሄዳችሁ በጠዋት ተነሱ፣ ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ፣ የሕይወት ጃኬት ጠይቁ። ለሹፌሩ ደግሞ ወፍ ለማየት እንደሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት፦ «ወንድም ዓለም፣ ዳር ዳሩን እንሂድ፣ መንጋ ስናይ ሞተሩን አጥፋልን።» አለበለዚያ እንደ ልማዱ ገዳም ለገዳም ያበራችኋል። ክብራን ገብርኤል ሴቶች እንደማይገቡበት አስታውሱ፤ ከአጠገቡ እንጦስ ኢየሱስ አለ። ደሴት ላይ የገዳሙን ጸጥታ ጠብቁ፣ ድሮን አታስነሱ።

ከቀኖቹ ሁሉ አንዱን ዝለሉት። ኅዳር 12 ጠዋት ከተማው ሁሉ ቆሻሻ ሰብስቦ ያጥናል፤ ጭሱ ዳሩ ላይ ተኝቶ ፔሊካኑ ከጉማሬው አይለይም። ቤታችሁ አጥኑ፣ ሚካኤልን አንግሡ፣ በማግስቱ ውጡ።

ያያችሁትን ኢበርድ በሚባለው የወፍ መመዝገቢያ አፕ ላይ ብትመዘግቡ ለሌላውም ይጠቅማል፤ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ የሚኖር ሰው መዝገብ ዋጋ አለው። አፑ የሚያውቀው የአውሮፓን ቀንና ሰዓት ነው። 12 ሰዓት ተኩል ብላችሁ ደብተር ላይ የጻፋችሁትን እዚያ ስታስገቡ 6፡30 ጠዋት አድርጉት፣ አለዚያ ጃካና በእኩለ ቀን ታየች ተብሎ ይመዘገባል። ቁጥሩንም ገምታችሁ አስገቡ። መንጋ ሲሆን አሥሩን ቁጠሩ፣ ያ አሥር ዓይናችሁ ላይ ምን ያህል ቦታ እንደያዘ እዩ፣ ከዚያ በዚያ ልክ መንጋውን ከፋፍሉት።